የጠይቡ ልጅ ጠብታ

የጎበዜ ልጅ ሰውመሆን መሞቱን ከወረታ እስከ ርብ ዳር ያለው ሰው ሁሉ ያውቅ ነበር፤ ከራሱ ከጎበዜ በቀር። እንዲህ ሲነገር የጭካኔ ነገር ይመስላል። አገሬው ግን ጨክኖ አይደለም። አዝኖ፣ ተመካክሮ፣ እንባውን ጠራርጎ ነው የደበቀው። የሚያናድደውም ይኸው ነው።

ወሬው መጀመሪያ የደረሰው ለእታለም ነው። እታለም የጎበዜ ልጅ፣ የሰውመሆን ታላቅ እህት ናት፤ ወረታ መናኸሪያው አጠገብ በአንዲት ጠባብ ቤት ልብስ ትሰፋለች። ጥቅምት ሊያልቅ ሲል አንድ ጠዋት ኪዳን የሚባል የጎንደር ልጅ ከሆላንድ ደወለላት። ከወንድሟ ጋር አንድ መሥሪያ ቤት የሚሠራ፣ በስም ብቻ የምታውቀው ሰው ነው። «እህቴ፣ አጠገብሽ ሰው አለ?» አላት። ይህ ጥያቄ ከተጠየቀ ቀሪውን የሚያጣው የለም። ሰውመሆን በብስክሌት ወደ ሥራው ሲሄድ፣ ጉም በሸፈነው መንገድ ላይ የጭነት መኪና ገጭቶት ሞቷል። እታለም ስልኩን ዘግታ የጀመረችውን የተማሪ ዩኒፎርም መስፋት ቀጠለች። የእጅጌውን አፍ ገጥማ ድፍን አድርጋ ሰፋችው። ክሩ እስኪያልቅ ድረስ የስፌት መኪናዋን ረገጠች። ከዚያ ነው የጮኸችው።

መርዶ በዚያ አገር ወግ አለው። በስልክ አይነገርም፣ መንገድ ላይ አይነገርም፣ ሰው እህል እየቀመሰ አይነገርም። ሽማግሌዎችና የነፍስ አባት ተሰብስበው ጎህ ሲቀድ ይሄዳሉ፤ የሞተው ሩቅ አገር ከሆነ ደግሞ አስከሬኑ እስኪቃረብ ይጠበቃል። እታለም ይህን ስለምታውቅ ወደ አባቷ አልሄደችም። ወደ ባየህ ሄደች።

ባየህ የሰፈሩ ሽማግሌ ነው፤ በፎገራ ሜዳ ላይ የእሱን ያህል የሩዝ ማሳ ያለው ሰው ጥቂት ነው። ወሬውን ሲሰማ እንደ ልጅ አለቀሰ፤ ይህን መካድ አይቻልም። ካለቀሰ በኋላ በጋቢው ጫፍ ፊቱን ጠራረገ።

«አስከሬኑ መቼ ይገባል?» አላት።

«ወረቀቱ ሁለት ሦስት ሳምንት ይፈጃል ነው የሚሉት፣ አያ ባየህ።»

«እንግዲያ እስከዚያ ዝም ነው። ሬሳ በሌለበት ማርዳት አባትሽን ሁለት ጊዜ መግደል ነው።» ወደ ማሳው አየና፣ «ሩዙም ደርሷል» ብሎ ጨመረ።

እታለም ያን ሰዓት ይህችን የመጨረሻዋን ቃል አልሰማቻትም። ልብ ያለቻት በኋላ ነው።

ጎበዜ ጠይብ ነው። አባቱም አያቱም ጠይብ ነበሩ። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ብቻውን ይኖራል፤ ከወረታ ወጣ ብሎ፣ ከአንዲት ሾላ ሥር ወናፉን ዘርግቶ ማረሻና ማጭድ ይቀጠቅጣል። የዚያ አካባቢ ሩዝ በጎበዜ ማጭድ ነው የሚታጨደው ቢባል ማጋነን አይሆንም፤ ከገበያ የሚገዛው የፋብሪካ ማጭድ ግማሽ ቀን ሳይውል ይዶለድማል። ታዲያ ማጭዱን የወደደ ሁሉ ጎበዜን አልወደደም። ቡዳ ነው ይሉታል። እናቶች በእሳቱ አጠገብ ሲያልፉ የልጆቻቸውን ፊት በነጠላ ይሸፍናሉ። ድግስ ሲኖር ይጠራል፣ ግን ከበሩ ሥር ተቀምጦ ለብቻው በተለየ ዋንጫ ነው የሚጠጣው። ከእሱ ቤት ደግሞ ገበሬ ቀምሶ አያውቅም። በየዓመቱ ሕዳር ሚካኤልን ይዘክራል፤ ጠላ ይጠመቃል፣ ዳቦ ይደፋል፤ የሚመጡት ግን ሁለት የሸክላ ሠሪ ቤተሰቦችና አንድ ሸማኔ ናቸው። የነፍስ አባቱ መምሬ ጥሩብርሃን ይመጡና ባርከው፣ «ዛሬስ ሆዴን አሞኛል» ብለው ይመለሳሉ። በየዓመቱ በሚካኤል ሆዳቸውን ያማቸዋል።

ሰውመሆን የወጣው ከዚህ ቤት ነው። ባሕር ዳር ተምሮ፣ ባሕር ተሻግሮ፣ ያን ሁሉ መጽሐፍ አገላብጦ በመጨረሻ ምን ሆነ ቢሉ፣ እንደ አባቱ ብረት አቅላጭ ሆነ። የሚያቀልጠው ቆርቆሮ ነው፤ የቤት ክዳኑ ሳይሆን፣ ድስትና ማንቆርቆሪያ የሚጠገንበት ቶሎ ቀላጩ ነጭ ብረት። በሥራ ቦታው ያን ብረት አቅልጠው ከጠጉር በቀጠነ ቀዳዳ ገፍተው ያስወጡታል። ቀዳዳውን የሚያንቀጠቅጥ ነገር ስላለ የቀለጠው ክር እየተበጠሰ እኩል እኩል ጠብታ ይሆናል። ጠብታው በዓይን አይታይም፤ በአንድ ሰከንድ ሃምሳ ሺህ ያህሉ ተሰልፎ ያልፋል። እያንዳንዱን እየበረረ ሳለ በኃይለኛ ጨረር ሁለት ጊዜ ይመቱታል። የመጀመሪያው ምት እንደ ቂጣ ይጠፈጥፈዋል፣ ሁለተኛው ያነደዋል፤ ሲነድ ዓይን የማያየው ብርሃን ይወጣዋል። የዛሬ ስልክ አንጎል የሚጻፈው በዚያ ብርሃን ነው። የሰውመሆን ሥራ ጠብታው ነበር፤ መጠኑ እንዳይዛነፍ፣ ከመስመሩ እንዳይወጣ፣ ፍንጣሪ እንዳያስከትል መጠበቅ።

ይህን ሁሉ እሑድ እሑድ በስልክ ለአባቱ ያስረዳው ነበር። እታለም የስልኩን ድምፅ ከፍ አድርጋ በአባቷ ፊት ትይዛለች።

«እየወደቀ ሳለ ነው የምትመቱት?» ይላል ጎበዜ።

«እየበረረ ነው፣ አባ።»

«መስፉስ? ከምን ላይ አስተኝታችሁ ነው የምትቀጠቅጡት?»

«መስፍ የለውም። ባዶ ቦታ ላይ ነው። አየር እንኳ የለበትም።»

«ኧረ በሚካኤል! እኔ መስፍ ላይ አስተኝቸው እንኳ እስተዋለሁ!»

ሁለቱም ይስቃሉ። በዚያ ስልክ ካልሆነ በቀር ጎበዜን እንዲያ ሲስቅ ያየው ሰው የለም።

ሰውመሆን ለጥምቀት እመጣለሁ ብሎ ነበር። ጎበዜም ልጁ ሲመጣ የሚያሳየው ነገር ፈለገ። የወተት ዱቄት ጣሳ ቂጡን በወስፌ በስቶ፣ ቆርቆሮ አቅልጦ እየጨመረበት፣ ከሥሩ ውሃ የሞላ ገበቴ አስቀምጦ ያንጠባጥባል። አንዱ ጠብታ ምስር ያህላል፣ አንዱ ሽንብራ፣ አንዱ ደግሞ ጭራ አውጥቶ የእንቁራሪት ልጅ ይመስላል። ጣሳውን በመዶሻ እጀታ መታ መታ ሲያደርገው ትንሽ ይስተካከላል፣ ወዲያው ደግሞ ይበላሻል። እንደ ልጅ ተጫወተበት ማለት ይቻላል። አላፈረበትም።

መርዶው የተደበቀባቸው ቀናት እንግዲህ ለጎበዜ በዕድሜው አይቷቸው የማያውቅ ቀናት ሆኑለት። ድሮ ማጭዱን ከሩቅ ወርውሮ «ቶሎ በልልኝ» የሚለው ገበሬ አሁን ድንጋይ ስቦ እሳቱ ዳር ይቀመጣል። «አያ ጎበዜ፣ እንደምን ዋልክ?» ይለዋል። አያ! ጠይብን አያ ያለ ሰው በዚያ ሾላ ሥር ተሰምቶ አይታወቅም። ስለ ልጁ ይጠይቁታል፤ ጠይቀው ደግሞ ፊቱን ማየት አይችሉም። ጎበዜ ማጭዱን ጥሎ ገበቴውን ያመጣል። «ይኸ የኔ ነው፣ የተበላሸው። የሰውመሆን ግን አንዱ ከአንዱ ዝንፍ አይል» እያለ ጠብታውን በመዳፉ ያንከባልላል። ሰዎቹ ዓይናቸው እንባ ይሞላል። «የከሰልህ ጢስ» ይሉና ይነሣሉ።

አንድ ቀን የባየህ ሚስት ጸሐይነሽ ማጭድ ልታስስል መጣች። ጎበዜ ስለ ልጁ ሲያጫውታት ቆየ፤ እሷም ውሃ ጠማኝ ብላ ከጎበዜ የውሃ ጣሳ ተቀብላ ጠጣች። እታለም አመሻሽ ላይ ስትመጣ አባቷ መቀመጥ አቅቶት አገኘችው።

«ጸሐይነሽ ከጣሳየ ጠጣች።»

«እውነት፣ አባ?»

«ጨልጣ! ልጀ ነው ያስከበረኝ፣ አንች። ስሙ እዚህ ድረስ ተሰማ ማለት ነው። ቡዳ የሚለኝ አፍ ተዘጋ።»

እታለም ወደ ጓዳ ገብታ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጎሰጎሰች።

እሑድ ሲደርስ ስልኩን አምጭው አላት። ኔትወርክ የለም አለችው። በዚያ አገር ኔትወርክ ጠፋ ቢሉት የሚጠራጠር የለምና ውሸቷን አገሩ ራሱ አገዘላት። ጎበዜም አልተከፋም። «ሲመጣ እኮ ልንነጋገር ነው» አለ። «እስከዚያ ግን አንድ ነገር ጠይቂልኝ። ጭራውን እንዴት አርጎ ነው የሚያጠፋው? ትልቁን ተከትለው የሚፈነጣጠሩትንስ?»

መጠየቅ አልነበረባትም። ኔትወርክ የለም ብላ ማለፍ ትችል ነበር። ግን በማግስቱ ከሱቋ ሆና ለኪዳን ደወለችና የአባቷን ጥያቄ ነገረችው። ኪዳን፣ ዋናው ንዝረቱ ነው አላት፤ ምቱ ሳይቋረጥ እኩል ከሆነ ትናንሾቹ እየበረሩ ይያያዙና አንድ ጠብታ ይሆናሉ፤ ይህን የሚያስተካክለው ሰውመሆን ነበር፣ አሁን ወንበሩ ላይ የተቀመጠ ሰው የለም። እታለም ይህን፣ የመጨረሻውን ትታ፣ ለአባቷ አደረሰች።

«ሰውመሆን ነው ያለው?»

«አዎ።»

«ሳይቋረጥ እኩል።» ጎበዜ ራሱን ነቀነቀ። «የኔ ነገር! እኔ እኮ ሲደክመኝ እጀታውን አቆማለሁ።» ከዚያ በኋላ ማጭድ ከሚያስሉት ሰዎች አንዱን ጣሳውን አስይዞ ያለማቋረጥ ይመታ ጀመር። ያስያዘው ሰው ሁሉ ጣሳውን ይዞ ይቆማል። እምቢ የሚል አልተገኘም።

አጨዳው እኩሌታ ላይ ሲደርስ ኪዳን መልሶ ደወለ። ወረቀቱ ካሰቡት ቀድሞ አልቋል፣ አስከሬኑ በሳምንቱ ሊላክ ይችላል። ሲሰላ ከሚካኤል በፊት ባሕር ዳር ይገባል። እታለም ባጃጅ ይዛ ወደ ባየህ ማሳ ሄደች። ባየህና ሌሎቹ ሽማግሌዎች አውድማው ላይ ነበሩ፤ ያልታጨደው ሩዝ ከኋላቸው ቢጫ ሆኖ ተዘርግቷል።

ስትነግረው ባየህ መሬት መሬት እያየ፣ «ከሚካኤል በኋላ ቢሆንስ?» አላት። «አጨዳው ያኔ ያልቃል።»

አሁን ሰማችው።

«ለሩዛችሁ ነው!» አለች። ድምፅዋ ሜዳውን አቋርጦ ሄደ። «የአባቴ እሳት እንዳይጠፋባችሁ ነው! ልቅሶ ከተቀመጠ ማጭዳችሁን ማን ይስልላችኋል!»

ባየህ አልካደም። ይህ ነው የሰውየው መጥፎነቱ፣ ሐሰተኛ አይደለም። «ለሩዝም ነው» አለ። «ሩዙ ከረገፈ ልጆቻችን ምን ይበላሉ? ለእሱም ነው ግን። አባትሽ ለሚካኤል ጠርቶናል። እሽ ብለነዋል፣ ሁላችንም፣ ከነሚስቶቻችን። ዛሬ ካረዳነው ሚካኤል የለም። በዕድሜው አንድ ቀን እንኳ ሰው ቤቱ ገብቶ ሲበላለት ቢያይ ምን አለበት፣ ልጀ?»

እታለም ልጅ ሳለች በሚካኤል ማግስት ከወንድሟ ጋር ያልተበላውን ዳቦ ሲበሉ ይሰነብቱ ነበር፤ ዳቦው እስኪደርቅ፣ እስኪሻግት። እናታቸው «እንኳን ተረፈ፣ ለናንተ» ትላቸው ነበር፣ ዓይኗን ሳታነሣ። እታለም በማሳው ዳር ቆማ ይህን አሰበች። ከዚያ ለኪዳን ደውላ፣ «ሚካኤል ይለፍ» አለችው። ማንም አላስገደዳትም። ቃሉ ከእሷ አፍ ወጣ።

ሚካኤል ደረሰ። እንደዚያ ያለ ሚካኤል ጎበዜ ቤት ተደርጎ አያውቅም። ባየህ መጣ፣ ጸሐይነሽ መጣች፣ ማጭዱን ከሩቅ ይወረውሩ የነበሩት ሁሉ ነጭ ለብሰው መጡ። ሸክላ ሠሪዎቹ ቦታ አጥተው ደጅ ተቀመጡ። መምሬ ጥሩብርሃን ጸበሉን ባርከው ተቀመጡና ዳቦውን ቆረሱ፤ ዘንድሮስ ሆዳቸው ደህና ነበር። ጎበዜ አልተቀመጠም። ከአንዱ ወደ አንዱ እየሄደ «ብሉ፣ ኧረ ብሉልኝ፣ አፈር ስሆን» ይላል። በገዛ እጁ ባየህን አጎረሰው። ከሰል የጠገበች፣ መቼም የማትነጣ እጅ ናት። ባየህ ዓይኑን ጨፍኖ ዋጠ።

ከዚያ ጎበዜ ዋንጫውን ከፍ አደረገ።

«ለሰውመሆን ጤና!» አለ። «ለዚህ ላበቃኝ ልጀ!»

ሰው ሁሉ መምሬን አየ። መምሬ ጢማቸውን ያዙ። በመጨረሻ አንድ ሰው ከጥግ «አሜን» አለ፣ ሌላውም ተከተለ፣ ቤቱ ሁሉ አሜን አለ፣ ጠጡ። ሴቶቹ እልል አሉ። እልልታቸው መሐል ላይ ይሰበር ነበር፤ ጎበዜ ግን ከበሮ አስመጥቶ መጨፈር ጀምሯል። ትከሻው ገና የወጣት ነው። እታለም የጠላ ማንቆርቆሪያ ታቅፋ ግድግዳ ተደግፋ አየችው፤ አባቷ እንዲህ ውብ ሰው መሆኑን ያን ቀን አወቀች። እንግዶቹ ሲወጡ አንድ በአንድ አቀፉት፣ አቅፈውም ቶሎ አልለቀቁትም። በሩ ሲዘጋ ወደ እታለም ዞሮ፣ «አሁን ብሞት አይቆጨኝም» አላት።

በማግስቱ አስከሬኑ ባሕር ዳር ገባ። በሦስተኛው ቀን ጎህ ሲቀድ እነዚያው ሰዎች እንደገና መጡ። ነጠላቸውን ዘቅዝቀው ነበር። የጎበዜ ዓይን በእሳት ደክሟልና የነጠላ ጥለት ከሩቅ አይለይም፤ ደጅ ላይ ዋንጫ ያለቀልቅ ነበር። ብዙ እግር ሲሰማ ቀና አለ፣ ባየህን በቁመቱ ለየው፣ ፊቱ በራ።

«ግቡ፣ ግቡ እንጅ! ድፍድፉ አላለቀም። እታለም! እንግዶቸ ተመለሱ!»

የተንቀሳቀሰ አልነበረም። ጎበዜ ዋንጫውን ይዞ ቆመ።

«ጎበዜ፣ ተቀመጥ» አሉት መምሬ።

«ምነው አባ?»

«ሰውመሆን ዐርፏል።»

ጎበዜ አልጮኸም። ሴቶቹ ጮኹ፣ ደረታቸውን መቱ፣ እሱ ግን ዋንጫውን ቀስ ብሎ መሬት ላይ አስቀመጠ።

«መቼ?»

ዋይታው ቀዘቀዘ።

«መቼ ነው ያልኩ!»

«ጥቅምት ሊያልቅ ሲል» አለ ባየህ።

ጎበዜ አንድ በአንድ አያቸው። አያ ያሉትን፣ ድንጋይ ስበው የተቀመጡትን፣ ጣሳውን የያዙለትን። ዓይኑ ጸሐይነሽ ላይ ሲደርስ ቆመ። እሷ ፊቷን ሸፈነች።

«ለዚህ ነው የጠጣሽው?» አላት። ቁጣ አልነበረበትም፤ የሚጠይቅ ሰው ድምፅ ነበር። ቀጥሎ ወደ ባየህ ዞረ። «ሚካኤል ለትም ታውቁ ነበር? ሳጎርስህ?»

ባየህ አንገቱን ደፋ።

«የልጀን ተዝካር ነው ያበላኋችሁ» አለ ጎበዜ። «እየጨፈርኩ። ለጤናው እያጠጣሁ።» ያን ጊዜ ነው መሬት ላይ የተቀመጠው። ሊያነሡት ሲሉ እጃቸውን ገፋ፤ እንደተቀመጠ እታለምን ቀና ብሎ አያት።

«አንችስ?»

መዋሸት ትችል ነበር፤ ምላሷ በእነዚያ ሳምንታት ለምዶ ነበር። «አውቅ ነበር» አለች።

«ስለ ጭራው የነገርሽኝ መልስ ከማን ነው?»

«ከጓደኛው። ከኪዳን ነው፣ አባ።»

እኩለ ቀን ላይ ሳጥኑ መጣ። ወደ ቤተ ክርስቲያን የተሸከሙት በሜዳው መሐል ነው፤ ሩዙ ታጭዶ አልቆ፣ በየማሳው ተከምሮ ነበር። ጎበዜ ከሳጥኑ ኋላ ሲሄድ ግራ ቀኝ አላየም። ለቀስተኛው ብዙ ነበር፤ ለጠይብ ልጅ ያን ያህል ሰው የወጣበት ቀብር የለም እያሉ እስከ ዛሬ ያወሩታል፣ ራሳቸውን እያመሰገኑ።

ከቀብር ሲመለሱ በወጉ መሠረት ሐዘንተኛ ቤት እሳት አይነድምና ጎረቤት ምግብ ይዞ መጣ። ጸሐይነሽ በትልቅ መሶብ አመጣች፣ ሌሎቹም እንዲሁ። መምሬ «ጎበዜ፣ እህል ቅመስ፣ ለነፍስህ ነው» ብለው ለመኑት። አፉን ገጠመ። ባየህ ቆርሶ ዘረጋለት፤ ፊቱን ወደ ግድግዳው መለሰ። በማግስቱም አልበላም። ውሃ ብቻ፣ እሱንም ራሱ ቀድቶ።

በመጨረሻ እታለም ሁሉንም ከቤት አስወጣች። ከመሶቡ ጥቂት ጠቅልላ አጠገቡ ተንበረከከች። ልጅ ሳለች ካጎረሳት ሁሉ ይልቅ ትንሽ ጉርሻ ናት።

«አባ፣ እኔ ነኝ። ከእኔ እጅ ይቅመሱ።»

ጎበዜ ዞሮ አያት። እንደማያውቃት ሰው አልነበረም የሚያያት፤ በደንብ ያውቃታል።

«አንች ከእነሱ ጋር ብይ» አላት።

እታለም ጉርሻውን ይዛ እዚያው ተንበርክካ ቀረች።